ስለ እህል አረማሞ፤ ዘሩ፣ አፈሩና አየሩ

በመኸር ጊዜ ማሽላ ለመግዛት ወደ ቆላው የሚወርድ የእህል ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ ያልጠበቀው ነገር ያጋጥመዋል። ማሳው ከሩቅ ሲታይ አገዳው ረዝሞ፣ ቅጠሉ አምሮ፣ አንዳች ጉድለት የሌለበት ይመስላል። ነጋዴው ቀረብ ብሎ የአንዱን አገዳ ራስ በመዳፉ ሲያሸው ግን፣ ፍሬ ሊሆን ይገባው የነበረው ሁሉ በስስ ሽፋን የተቋጠረ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ያገኘዋል። ይህ በሽታ አረማሞ ይባላል። ዝናሙ በቂ ነበር፤ አረሙ በጊዜው ታርሟል፤ አንበጣም አልደረሰበትም። ታዲያ ይህ ጥፋት መቼ ደረሰ? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ሰው የማይገምተው ነው፤ ጥፋቱ የደረሰው ከወራት በፊት፣ ቡቃያው ገና ከአፈር ሳይወጣ ነው።

አረማሞ የገበሬው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ዘር የሚሸጠው፣ እህል የሚያከማቸው፣ ብቅል የሚያዘጋጀው፣ ዱቄት የሚፈጨውና ወደ ውጭ አገር የሚልከው ሁሉ ከጉዳቱ ድርሻ አለው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአየሩና የአፈሩ ሁኔታ አረማሞን እንዴት እንደሚያበረታውና እንደሚያደክመው፣ ከዚህም ውስጥ በነጋዴው እጅ ያለው የትኛው እንደ ሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩን አስቀድመን ባጭሩ ብንገልጠው እንዲህ ነው፤ የበሽታውን ብዛት የሚወስነው አየሩ ነው፤ በሽታው ወደ ማሳው መግባቱን የሚወስነው ግን በአብዛኛው የዘሩ ከረጢት ነው።

ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ብዙ

አረማሞ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው። ፈንገስ የሻጋታ ወገን ሲሆን፣ የሚራባውም ስፖር በሚባሉ እጅግ ደቃቅ ዘሮች ነው። በተመታው ራስ ላይ የምናየው ጥቁር ዱቄት የእነዚህ ስፖሮች ክምችት ነው። በዚህ ዓይነት በሽታ የተመታች አንዲት የስንዴ ፍሬ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስፖሮችን ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ በአንድ ኩንታል ውስጥ ጥቂት የተመቱ ፍሬዎች መኖራቸው ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም፣ ጠቅላላውን ኩንታል ለመበከል ይበቃል።

ማሽላ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃና በቆሎ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አረማሞ አላቸው፤ በማሽላ ላይ የሚታየው ሽፍን አረማሞ ወደ ገብስ አይሻገርም፤ የገብሱም ማሽላን አይነካም። ይሁን እንጂ ለንግዱ ሰው ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ልዩነት፣ ፈንገሱ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ ነው። አንዳንዱ በዘሩ ገላ ላይ ተለጥፎ ይጓዛል፤ አንዳንዱ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል፤ አንዳንዱ በማሳው አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ አንዳንዱም በነፋስ ይመጣል። እያንዳንዱም በመንገዱ ላይ የሚጠብቀው የራሱ የሆነ አየር አለው። ይህን ለይቶ ያላወቀ ሰው፣ ለአንዱ የሚበጀውን መድኃኒት ለሌላው እየሰጠ ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል።

በዘሩ ገላ ላይ የሚጓዘው

በማሽላ ላይ በብዛት የሚታወቀው ሽፍን አረማሞ ነው። ይህ ስም የተሰጠው ጥቁሩ ዱቄት እስከ ውቂያ ድረስ በሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚቆይ ነው። የተመታው ራስ ከደኅናው ጋር አብሮ ታጭዶ፣ በአውድማ ላይ ሲወቃ ሽፋኑ ይፈነዳል፤ ዱቄቱም በደኅናው ፍሬ ላይ ይበተናል። ከዚያ በኋላ በጎተራም ሆነ በከረጢት ውስጥ፣ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ፣ ፈንገሱ ሳይሞት የዘር ጊዜ እስኪደርስ ይቆያል።

ዘሩ ተዘርቶ ዝናም ሲያገኝ ሁለቱም በአንድነት ይነቃሉ። ዘሩ ሥርና ቡቃያ ያወጣል፤ ስፖሩም በበኩሉ በቅሎ ለስላሳውን ቡቃያ ለመውጋት ይሽቀዳደማል። ፈንገሱ ሊገባ የሚችለው ቡቃያው ከአፈር በላይ ሳይወጣ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ከገባ ከተክሉ ጋር አብሮ እያደገ፣ አንዳች ምልክት ሳያሳይ እስከ ራሱ ይደርሳል፤ በፍሬውም ቦታ ይተካል። ካልቀናው ግን ለዚያ ዓመት ዕድሉ አለፈ።

እንግዲህ አፈሩ የሚፈርደው በዚህ ላይ ነው። አፈሩ ሞቆና በቂ እርጥበት ይዞ ሲገኝ ቡቃያው ፈጥኖ ይወጣል፤ ፈንገሱም ይቀደማል። አፈሩ ቀዝቀዝ ሲል ወይም እርጥበቱ ሲያንስ ግን ቡቃያው ከአፈር በታች ብዙ ቀን ይዘገያል፤ ፈንገሱም የሚፈልገውን ጊዜ ያገኛል። በምርምር እንደ ታወቀው ለማሽላ ሽፍን አረማሞ የሚመቸው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀትና አነስተኛ እርጥበት ያለው አፈር ነው። ለገብስ ሽፍን አረማሞ የሚስማማው ከ10 እስከ 21 ዲግሪ ያለው ነው። የዓሣ ሽታ የሚያመጣው የስንዴ አረማሞ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ የቀዘቀዘ አፈር ይወዳል፤ አፈሩ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በእጅጉ ይደክማል። ዘርን ከመጠን በላይ አጥልቆ መዝራትም የቡቃያውን መንገድ ስለሚያስረዝም ውጤቱ ያው ነው።

ይህን በምሳሌ ብናየው ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ ከረጢት የማሽላ ዘር ገዙ እንበል። አንደኛው አፈሩ በደንብ ርሶ ሳለ ዘራ፤ ዝናሙም ስላላቋረጠ ቡቃያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቅ አለ። ሁለተኛው ግን የሚያዝያ ዝናም ጀምሮ ሲያቋርጥ ስለ ዘራ፣ ዘሩ በግማሽ እርጥበት በቅሎ ከአፈር በታች ሰነበተ። በመኸር ጊዜ የመጀመሪያው ማሳ ንጹሕ ሆነ፤ የሁለተኛው ግን በአረማሞ ጠቆረ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዘሩን ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ሰማዩን ያማርራል። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ዘሩ ለሁለቱም የተበከለ ነበር፤ ለአንደኛው አየሩ ማረው እንጂ። ከዚህም የሚከፋው፣ የመጀመሪያው ገበሬ «ይህ ዘር የተፈተነ ነው» ብሎ ከከረጢቱ የተረፈውን ለሌሎች መሸጡ ነው። ዝናሙ በሚቋረጥበት ዓመት ያ ዘር የያዘውን ጉድ ያወጣል።

በዘሩ ውስጥ የሚደበቀው

በገብስና በስንዴ ላይ የሚታየው ልቅ አረማሞ ጠባዩ ሌላ ነው። የተመታው ራስ ገና ከቅጠሉ እቅፍ ሲወጣ ጥቁር ዱቄት ለብሶ ይታያል፤ ዱቄቱም ሽፋኑ ፈጥኖ ስለሚቀደድ በነፋስ ተጠርጎ ይሄድና በቦታው ባዶ ዘንግ ብቻ ይቀራል። ውቂያ እስኪደርስ ድረስ በአውድማው ላይ የሚታይ ነገር ስለማይኖር፣ እህሉን በገበያ የሚገዛ ሰው በሽታው እንደ ነበረ እንኳ አያውቅም።

ነፋስ የወሰደው ስፖር ግን በከንቱ አልጠፋም። በጎረቤቱ ደኅና ራስ ላይ በተከፈተ አበባ ውስጥ ሲያርፍ፣ አየሩ ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ሆኖ ካፊያ፣ ጤዛ ወይም ጭጋግ ካለበት፣ በቅሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ፍሬው እንደ ወትሮው ይሞላል፤ መልኩም ሆነ ክብደቱ አይጎድልም፤ ፈንገሱ ግን በፍሬው እምብርት፣ ቡቃያው በሚነሣበት ቦታ ተኝቶ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ፍሬው ሲዘራ አብሮ ይነቃል። አየሩ በአበባው ጊዜ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ግን አበባው ፈጥኖ ይዘጋል፤ ስፖሩም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል።

ከዚህ የምንረዳው፣ በልቅ አረማሞ ረገድ የዘንድሮው አየር የሚፈርደው በዘንድሮው ሳይሆን በመጪው ዓመት አዝመራ ላይ መሆኑን ነው። በደጋው አገራችን ገብስ በብዛት የሚያብበው የክረምቱ ዝናም ገና ሳያበቃ፣ ጭጋጉና ካፊያው ባልለቀቀበት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ሁኔታው ለፈንገሱ እጅግ የተመቸ ነው። ይህንም ዘር ነጋዴው በጥርሱ ቢሰብረው፣ በወንፊት ቢያበጥረው፣ በሚዛን ቢመዝነው ሊለየው አይችልም። ሊለይ የሚችለው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ አንደኛው በቤተ ሙከራ የፍሬውን እምብርት አውጥቶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው፤ ሁለተኛው ራሱ በሚወጣበት ሰሞን የዘር ማሳውን በእግር ዞሮ መመልከት ነው። ብቅል አምራቾች በውል ገብስ ሲያስበቅሉ፣ ለውሉ መሠረት የሚሆነውን ዘር ከየት እንዳገኙት መጠየቅ የሚኖርባቸው ስለዚህ ነው።

በአፈርና በነፋስ የሚመጣው

ከማሽላ አረማሞዎች መካከል ራሱን በሙሉ የሚያጠፋው፣ የራስ አረማሞ የሚባለው፣ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ይህኛው ሞቅ ያለና እርጥበቱ ያነሰ አፈር ይስማማዋል። ዘሩ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ማሳው ከተበከለ በሽታው አይቀርም፤ ስለዚህ መፍትሔው ሰብልን ማፈራረቅና የማይያዝ ዝርያ መፈለግ ነው። በሞቃትና ደረቅ ቆላ የሚታየው ረጅም አረማሞ ደግሞ በነፋስ መጥቶ፣ ራሱ ገና በቅጠል እቅፍ ውስጥ ሳለ ከውኃ ጠብታ ጋር ወደ ውስጥ ይወርዳል። በዚህ ላይ በዘር የሚታሸው መድኃኒት ኃይል የለውም። ዘሩን በመድኃኒት አሽቶ ዘርቶ አረማሞ የታየበት ገበሬ ሁሉ ነጋዴው አታለለኝ ቢል ፍርድ ሊዛባ ይችላል፤ አስቀድሞ የትኛው አረማሞ እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ከውጭ አገር ገበያ የተገኘ ትምህርት

አረማሞና አየር የአገሮችን ንግድ ሲያውኩ የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የዓሣ ሽታ ከሚያመጡት የስንዴ አረማሞዎች አንዱ፣ ተክሉን የሚያሳጥረው ዓይነት፣ ለመብቀል በበረዶ የተሸፈነ ግን ያልረጋ አፈር ለብዙ ሳምንታት ይፈልጋል። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ይህ አየር ስላለ በሽታውም አለ። ቻይና ይህንኑ ፈርታ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1999 ድረስ ከዚያ ክፍል የሚመጣውን ስንዴ አልቀበልም ብላ ነበር። ጠቡ የተፈታው በ1999 በተደረገ ስምምነት ሲሆን፣ በ50 ግራም ናሙና ውስጥ እስከ 30,000 ስፖር ድረስ እንዲፈቀድ ተወሰነ። እነሆ በዐይን የማይታይ ነገር በመርከብ የሚጫነውን ስንዴ ከሃያ ዓመት በላይ አግዷል።

በ1931 በሕንድ አገር በካርናል ከተማ አጠገብ የታወቀው ሌላው የስንዴ አረማሞ ደግሞ፣ ራሱ በሚወጣበት ጊዜ ቀዝቀዝ ያለና ዝናማ አየር ሲያገኝ ይስፋፋል። በ1996 በአሜሪካ በአሪዞና ክፍለ አገር ሲገኝ መንግሥቱ ወዲያው የእህል እንቅስቃሴ እንዲገደብ አደረገ፤ ምክንያቱም ብዙ ገዢ አገሮች ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኑ በጽሑፍ ያልተረጋገጠ ስንዴ አይቀበሉም። ከመቶው ፍሬ ሦስቱ ከተመቱ ዱቄቱ መጥፎ ሽታ ያመጣል። በምርቱ ላይ የሚደርሰው ጉድለት ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ገበያው ግን ይዘጋል።

የመድኃኒቱ ጥቅምና አደጋው

በ1755 ቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ በእርሻ ሙከራ አድርጎ፣ የስንዴው ጥቁር ዱቄት በንጹሕ ዘር ላይ ሲነሰነስ በሽታውን እንደሚያመጣ አሳየ። በ1807 ደግሞ ፕሬቮ የተባለው ሊቅ በሽታው በሕያው ፈንገስ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ፤ የመዳብ ውሕድ ያለበት ውኃም ስፖሩ እንዳይበቅል እንደሚከለክለው ተመለከተ። በ1880ዎቹ የዴንማርኩ ዬንሰን ዘርን በተለካ የሙቅ ውኃ መንከርን አስተማረ፤ ይህም በዘሩ ውስጥ የተደበቀውን ልቅ አረማሞ ጭምር ለመግደል አስቻለ። ነገር ግን ውኃው ጥቂት ከበረደ ፈንገሱን አይገድልም፤ ጥቂት ከሞቀ ዘሩን ይገድላል፤ ስለዚህ ያለ ቴርሞሜትር አይሞከርም። ከ1960ዎቹ ወዲህ ወደ ዘሩ ውስጥ ዘልቀው የሚሠሩ መድኃኒቶች ስለ ተገኙ ሥራው ቀልሏል። በአገራችንም በቅርብ የሚገኝ ነገር ተሞክሯል፤ የማሽላን ዘር በከብት ሽንት ነክሮ ማድረቅ ሽፍን አረማሞን እንደሚቀንስ በምርምር ታይቷል። ይህም በዘሩ ገላ ላይ ያለውን እንጂ በውስጡ የተደበቀውን እንደማይነካ መዘንጋት አይገባም።

መድኃኒቱ ራሱ ሌላ ኃላፊነት ያስከትላል። በ1971 መጨረሻ በሜርኩሪ መድኃኒት የታሸ የስንዴና የገብስ ዘር በብዛት ወደ ኢራቅ ገባ። ዘሩ ቀለም የተቀባ ነበር፤ የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ግን ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ነበር። ለብዙዎቹ የደረሳቸውም የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ዘሩን አጥበው ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ ስለ መሰላቸው ፈጭተው ጋግረው በሉት። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህም 459ኙ ሞቱ። ሜርኩሪ ዛሬ ለዚህ ሥራ በአብዛኛው ዓለም ተከልክሏል። ትምህርቱ ግን አላረጀም፤ ለዘር የተዘጋጀ እህል ጊዜው ቢያልፍበት፣ ዋጋው ቢወድቅበትም ወደ ምግብ ገበያ ሊመለስ ከቶ አይገባውም።

በነጋዴው እጅ ያለው

ዝናሙን ማዘዝ የሚችል ነጋዴ የለም። በእጁ ያለውን ግን በጥንቃቄ ሊይዝ ይችላል።

አንደኛ፦ ዘርና እህል በስም ብቻ ሳይሆን በመጋዘንም ይለዩ። በምግብ እህል ገበያ የተገዛን ማሽላ በዘር ጊዜ ዋጋው ሲወደድ «ዘር ነው» ብሎ መሸጥ፣ ከልዩ ልዩ አውድማ የተሰበሰበን ጥቁር ዱቄት ለገበሬው እንደ ማከፋፈል ይቈጠራል።

ሁለተኛ፦ ዘር የሚገዛ ነጋዴ በአውድማ ሳይሆን በማሳ ይግዛ። ራሱ በሚወጣበት ሰሞን አንድ ቀን ወርዶ ማሳውን መዞር፣ በኋላ በመጋዘን ከሚደረገው ምርመራ ሁሉ ይበልጣል። የተመታው ራስ በዚያን ጊዜ ዱቄቱ ሳይበተን ተቈርጦ በከረጢት ተይዞ ሊቃጠል ይችላል።

ሦስተኛ፦ አሮጌ ከረጢት፣ የመውቂያ መሣሪያና የመኪና አልጋ ሳይጸዱ ለዘር አያገልግሉ። ንጹሕ ዘር በተበከለ ከረጢት ውስጥ ሲገባ በአንድ ቀን የተበከለ ይሆናል።

አራተኛ፦ በመድኃኒት የታሸ ዘር ሲሸጥ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ለየትኛው በሽታ እንደሚሠራና እንደማይበላ ገዢው በሚያነበው ፊደል፣ ማንበብ ለማይችለውም በሚያስተውለው ምልክት ይገለጥ።

አምስተኛ፦ ዘሩ በጊዜው ይድረስ። የዘገየ ዘር ገበሬውን በሚያቋርጥ ዝናምና በተጎሳቆለ እርጥበት እንዲዘራ ያስገድደዋል፤ ይህም ከላይ እንዳየነው ለፈንገሱ መንገድ መክፈት ነው። እንግዲህ የመጓጓዣ መዘግየት ለሒሳብ ሹሙ የኪራይ ጉዳይ ቢመስልም፣ በማሳው ላይ የበሽታ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

በአገራችን አብዛኛው ገበሬ ዛሬም ዘሩን የሚያገኘው ከራሱ ጎተራ፣ ከጎረቤቱ ወይም ከቅርብ ገበያ ነው። ዝናሙ በሚዋዥቅበት ዘመን፣ ያለፈው ዓመት ደኅና መሆን ለዘንድሮው ዋስትና አይሆንም። ከረጢቱን ሲሸጥ «ዘር ነው» የሚል ነጋዴ፣ ገዢው ምርመራ የማያደርግበትን፣ ገበሬውም ውጤቱን ከመኸር በፊት የማያውቅበትን ነገር በቃሉ ዋስ እየሆነ ነው። ያ ቃል በሚያዝያ ተሰጥቶ በኅዳር ይመረመራል። የዘር ንግድ የሚቆመው ገበሬው በኅዳር ራሱን በእጁ አሽቶ ፍሬ ሲያገኝና በሚቀጥለው ሚያዝያ ወደዚያው መደብር ሲመለስ ነው።